የሞንግ ወዳጄ በድንገት ሲያርፍ፦ ከቤተሰቡ ጎን ስለ መቆም

በሚኒሶታ፣ በተለይም በሴንት ፖል ከተማ የሚኖር ሐበሻ የሞንግ፣ ማለትም ከደቡብ ምሥራቅ እስያዋ ላኦስ በስደት የመጣ ሕዝብ ወገን የሆነ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሳይኖረው አይቀርም። ልጆቻችን አብረው ይማራሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከገበሬዎች ገበያ ጎመንና ቃሪያ የምንገዛው ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ነው፤ በየፋብሪካው የሌሊት ፈረቃም ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራለን። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ በድንገት ሲያርፍ ብዙዎቻችን እግራችን ይተሳሰራል። ለቅሶ መድረስ አብሮን ያደገ ቢሆንም፣ ለቅሶው የት እንደሚደረስ፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ፣ ማንን እንደምናነጋግር አናውቅም። እኔ ለዓመታት አብሬው የሠራሁትን የሞንግ ወዳጄን በጥር ብርድ መካከል በድንገት ካጣሁ በኋላ፣ ከቤተሰቡ ጋር ባሳለፍሁት ጊዜ ያየሁትንና የተማርሁትን ለሚያስፈልገው ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጽፌዋለሁ። የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ የማንንም ስም ግን አልጠቅስም።

ወዳጄ ለሕክምና የሚያገለግሉ ቀጫጭን ቱቦዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ ከእኔ በፊት የገባ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ከእሱ አጠገብ አስቀምጡት» የሚባልለት ሰው ነበር። ሥራችን በማይክሮስኮፕ እያዩ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ በቱቦ ውስጥ ማሳለፍና ጫፉን በሙጫ ማጣበቅ ነው። እሱ ከዕቃ ክፍል የተሰጠውን ወረንጦ እንዳለ አይጠቀምበትም፤ ከቤቱ ባመጣት ደቃቅ የሞረድ ድንጋይ ጫፉን ይሞርድና ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ ሁለቱ ጫፎች ያለ ክፍተት መግጠማቸውን ካላረጋገጠ ሥራ አይጀምርም ነበር። የእኔንም ሳልጠይቀው ይወስድና ሞርዶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። ምሳችንን የምንበላው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ይህን «ምሳ» ማለታችን አይገርመውም። በዚያ ሰዓት እሱ በትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ የያዘውን የሚጣበቅ ሩዝ፣ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠልና በድንብላል ቅጠል የተወቀጠ የቃሪያ ዳጣ ያወጣል፤ እኔ እንጀራዬን እዘረጋለሁ፤ ዳጣው ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።

የመጣበትን መንገድ ማወቅ የቤተሰቡን ሐዘን ለመረዳት ስለሚያግዝ በአጭሩ ልናገር። ሞንግ በላኦስ ደጋማ ተራሮች የሚኖር ሕዝብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የአሜሪካው ሲአይኤ በጄኔራል ቫንግ ፓኦ የሚመራ ሠራዊት ከመካከላቸው አደራጅቶ፣ ለአሜሪካ ሕዝብ ባልተነገረ ጦርነት አዋግቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1975 ዋና ሰፈራቸው ሎንግ ቼንግ ሲለቀቅ በአውሮፕላን መውጣት የቻሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ የቀረው ሕዝብ በጫካ ተደብቆ፣ የሜኮንግን ወንዝ አቋርጦ ወደ ታይላንድ የስደተኛ ካምፖች ገባ። ወዳጄ በላኦስ ሺየንግ ኩዋንግ ግዛት ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ወንዙን የተሻገረ፣ በታይላንዱ ባን ቪናይ ካምፕ ያደገ፣ በጉርምስናው ሴንት ፖል የደረሰ ሰው ነበር። እኔም በሱዳን በኩል የወጣሁ ስለሆንሁ የካምፕን ወረፋ፣ የራሽን ካርድንና ስም የሚጠራበትን ሰሌዳ ለማስረዳት አንዳችን ለሌላው ብዙ ቃል አያስፈልገንም ነበር።

ያረፈው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በአልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ነው። ጠዋት የበኩር ልጁ ደወለልኝ፤ ለሥራ ቦታችን እንዳሳውቅለት የፈለገ መስሎኝ ነበር፤ እሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። «አጎቴ፣ ሰውነቱን ይከፍቱት ይሆን?» አለኝ። በቤት ውስጥ ያለ ሐኪም ክትትል የደረሰ ድንገተኛ ሞት ለካውንቲው የአስከሬን መርማሪ መነገር ስላለበት፣ ፖሊስና የመርማሪው ሠራተኛ ቤቱ ደርሰው ነበር። በቀደመው የሞንግ እምነት የሟች አካል ሳይቆረጥና ሳይጎድል መሄድ አለበት፤ የተከፈተ ሰውነት በሚቀጥለው ሕይወት ይጎዳል፣ በሕይወት ያሉትንም ያሳምማል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ለቤተሰቡ የምርመራው ነገር ከሞቱ እኩል የከበደ ድንጋጤ ነበር።

በዚህ ረገድ አንድ ሰው ሊጠቅም የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ባለው ሕግ ቤተሰብ በሃይማኖቱ ምክንያት የአስከሬን ምርመራን መቃወም ይችላል፤ መርማሪው ተቃውሞውን አልፎ መክፈት የሚችለው ወንጀል ሲጠረጠርና የመሳሰለ አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ነው። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ካልተነገረ ማንም አያውቀውም። ልጁን ለመርማሪው ጽሕፈት ቤት ራሱ እንዲደውል፣ «እንቃወማለን» የሚለውን ቃል በግልጽ እንዲናገር፣ ምክንያቱ ሃይማኖታዊ መሆኑን እንዲጠቅስና ያነጋገረውን ሰው ስም እንዲጽፍ ነገርሁት። ለእናቱም አስተርጓሚ እንዲጠራላት እንዲጠይቅ አሳሰብሁት፤ ባሏን ያጣች ሴት ስለ ባሏ አካል የሚነገረውን በአሥራ አምስት ዓመት ልጇ አፍ ልትሰማው አይገባም። መርማሪው የሕክምና መዝገቡን አይቶ፣ አካሉን ከውጭ መርምሮና ደም ወስዶ በዚያው በቃው፤ ምክንያቱም ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ የልብ ሕመም ተብሎ ተመዘገበ። ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ በወቅቱ መናገር ግን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ቤቱ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ወዲያው ያነሱት እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን መጨረሻና የ1980ዎቹን መጀመሪያ ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ አሜሪካ ገና የገቡ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ወጣት የሞንግ ወንዶች ተኝተው ሳሉ ይሞቱ ነበር፤ ሞቱ እ.ኤ.አ. በ1981 እጅግ በመብዛቱ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጉዳዩን አጥንቶ ነበር። አረጋውያን በሌሊት ደረት ላይ የሚቀመጥ መንፈስ ነው ይሉ ነበር፤ ሐኪሞች ደግሞ ኋላ ላይ ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹን በዘር ከሚተላለፍና የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ከሚያውክ፣ ብሩጋዳ ከሚባል ሕመም ጋር አያይዘዋቸዋል። የወዳጄ ሞት ከዚህ የተለየ ሳይሆን አይቀርም፤ ዕድሜውም የደም ግፊቱም ወደ ሌላ ያመለክታሉ። ቢሆንም የቤተሰቡ ሐኪም ልጆቹና ወንድሞቹ የልብ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ እንዲያደርጉ መከረ። ምርመራው አያምም፣ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሆኖም ሐዘንተኛ ሰው ቀጠሮ አይዝም። ቀጠሮውን መያዝና በመኪና አድርሶ መመለስ ለጎረቤት ወይም ለባልደረባ የሚሆን ሥራ ነው፤ እኛም ተከፋፍለን አደረስናቸው።

ወደ ቀብሩ ልምጣ። ሞንግ በአሜሪካ በተለምዶ አሥራ ስምንት በሚባሉ ጎሳዎች የተደራጀ ሲሆን፣ የጎሳው ስም የቤተሰብ ስማቸው ነው፤ ሰዎች ባይተዋወቁ እንኳ ስማቸው አንድ ከሆነ እንደ ወንድምና እህት ይተያያሉ፣ አይጋቡምም። ሞቱ በተሰማ በዚያው ምሽት ቤቱ በሟች ጎሳ ሰዎችና በአማቾች ተሞላ፤ ወንዶቹ ሳሎን ተቀምጠው ሥራ አከፋፈሉ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ያዙ። ከመካከላቸው ሙሉውን ሥርዓት የሚመራ ሰው ይሰየማል፤ ገንዘቡ፣ ምግቡ፣ እንግዳው፣ ባለ ሥርዓቶቹ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋሉ። ይህን ሰው አልፎ ባለቤቱንና ልጆቹን «ምን ላምጣ? መቼ ላምጣ?» እያሉ ማስጨነቅ ለእድሩ ዳኛ ሳይነግሩ ድንኳን እንደ መትከል ነው። እኛ የፋብሪካው ሰዎች በመጀመሪያ ያደረግነው ያ ሰው ማን እንደሆነ ከበኩር ልጁ ጠይቀን፣ ከእኛም አንድ ተወካይ መርጠን፣ ንግግሩ በሁለቱ መካከል ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነበር። ከባልደረቦቼ አንዷ በሰዓታት ውስጥ ጎፈንድሚ የሚባለውን የኢንተርኔት መዋጮ ልትከፍት ተነሥታ ነበር፤ ቅንነቷ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ቤተሰቡ የሚመጣውን መዋጮ ሁሉ በስምና በመጠን በደብተር ስለሚመዘግብና ነገ በሌላው ሐዘን ጊዜ ስለሚመልስ፣ ምንጩ የማይታወቅ ገንዘብ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ገንዘቡን በጥሬው አሰባስበን፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም በጉልህ ጽፈን በፖስታ አቀረብን።

ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፦ ቤተሰቡ በቀደመው እምነት የሚኖር ነው ወይስ ክርስቲያን? በሴንት ፖል ብዙ የሞንግ ክርስቲያኖች አሉ፤ የእነርሱ ቀብር በቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ስብከት ይፈጸማል፤ ከበሮው፣ መሥዋዕቱና ለሟቹ ገንዘብ ሆኖ የሚቃጠለው ወረቀት የለበትም። በአንድ ቤት ውስጥም አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ ሌላው በቀደመው ሥርዓት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሟች በየትኛው ይሸኝ የሚለው ክርክር ሲነሣ የውጭ ሰው አስተያየት መስጠት የለበትም፤ የክርስትና እምነታችን ጠንካራ የሆነው እኛ ሐበሾች ለዚህ እንፈተናለን። የወዳጄ ቤት በቀደመው ሥርዓት የሚኖር ስለነበር እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው።

ለሞንግ ሥርዓት የሚመቹ ፊውነራል ሆሞች ጥቂት ናቸው፤ ሥርዓቱ ከዓርብ እስከ ሰኞ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ስለሚካሄድ ቅዳሜና እሑድ አስቀድሞ ይያዛል። ስለዚህ ከሞቱ እስከ ቀብሩ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «እስካሁን አልቀበሩትም?» ብሎ ይገረማል፤ በእኛ ዘንድ ቀብር በማግሥቱ ስለሚሆን እኔም ጭንቀቱን በቅርብ አየሁት፤ ቤቱ በእነዚያ ሳምንታት በየምሽቱ ሰው ይመገባል፣ ቤተሰቡ ግን አይተኛም። ሩዝ በጆንያ፣ ውኃ፣ የወረቀት ሳህንና የቆሻሻ ከረጢት ይዞ መሄድ ከአበባ ይልቅ ይጠቅማል፤ በጥር ደግሞ የበሩን በረዶ መጥረግና የቆሙ መኪናዎችን ማስነሣት ትልቅ እርዳታ ነው። ወጪው በአሥር ሺህዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ልጆች ለአባታቸው ከብት ማቅረብ አለባቸው፤ ያገቡ ሴት ልጆችም ከባሎቻቸው ወገን ጋር በየተራቸው ምግብና ስጦታ ይዘው ይመጣሉ።

ኩባንያው ለረዥም አገልግሎቱ የሰጠው ትንሽ የብረት ምልክት ነበር፤ ባልደረቦቼ በሣጥኑ ውስጥ ቢቀመጥለት ደስ ይለው ነበር አሉ። ከማድረጋችን በፊት ሥርዓቱን የሚመራውን ሰው ጠየቅነው። ለሟች የሚለበሰው ልብስ ከተክል ቃጫ የተሠራ፣ ቁልፍና ዚፕ የሌለበት መሆኑን፣ ብረትም ከአስከሬኑ ጋር እንዳይቀበር እንደሚጠነቀቁ ነገረን። ምልክቱን በፎቶዎቹ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው፤ ዛሬ በሳሎናቸው ነው ያለው። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ መጫወቻ፣ ማንኛውንም ነገር ወደ ሣጥኑ ለማስገባት የሚያስብ ሁሉ ቀድሞ ይጠይቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስንደርስ አዳራሹ ውስጥ ከበሮ ተሰቅሏል፤ በአጠገቡ ኬንግ የሚባለውን፣ ከእንጨት አካል ላይ ስድስት የቀርከሃ ቱቦዎች የተሰኩበትን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው ሰው ጎንበስ ቀና እያለ ይዞራል። የሞንግ ቋንቋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ የሚለይ በመሆኑ፣ መሣሪያው ዜማ ብቻ ሳይሆን ቃል ይናገራል፤ አድማጩም ሟቹ ነው። ፖስታችንን ስንሰጥ ስማችን በደብተር ተጻፈ፤ ቀጥሎ ወንዶች ልጆቹ ተደርድረው በጉልበታቸው ተንበርክከው ሰገዱልን። ልጅ ሆነው የማውቃቸው ሰዎች ሲሰግዱልኝ ምን ላድርግ ብዬ ስጨነቅ አጠገቤ የቆሙት አዛውንት በእጃቸው ምልክት እያሳዩ እንዳነሣቸው ነገሩኝ። ከዚያ ብሉ ተባልን። ልክ እንደ እኛ «በልቻለሁ» ማለት አይሠራም፤ ተቀምጦ መብላት የሐዘን ድርሻን መወጣት ነው።

ከሁሉ በላይ የቆየብኝ በመጀመሪያው ቀን የሚዜመው መንገድ ማሳያው ነው፤ እኔ አልነበርሁም፤ የበኩር ልጁ በኋላ እየተረጎመ አስረዳኝ። ዜመኛው ከሟቹ ራስጌ ቆሞ ነፍሱን መንገድ ይመራታል። መንገዱ የሚጀምረው ከሞተበት ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ሰውየው በሕይወቱ የኖረባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ በእያንዳንዱም ላይ ለበላው ምግብና ለጠጣው ውኃ እያመሰገነ ይሄዳል። የመጨረሻው ጣቢያ የተወለደበት መንደር ነው፤ ነፍስ ከተወለደችበት ቤት ሥር የተቀበረውን የእንግዴ ልጅ እንደ ልብስ ለብሳ ወደ አያቶቿ ትሻገራለች ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ዜመኛው የሟቹን አድራሻ ሁሉ ማወቅ አለበት። ቤተሰቡም ከዚያ በፊት በነበሩት ምሽቶች ዝርዝሩን ለማሟላት ተቸግሮ ነበር፦ በካምፑ ውስጥ የትኛው ክፍል? አሜሪካ እንደገባ የትኛው አፓርታማ? ላገባ ሲል የትኛው ጎዳና? ታላቅ ወንድሙ የልጅነቱን ያውቅ ነበር፤ በመካከል ግን ክፍተት ነበር። እኔ ቤት ከመግዛቱ በፊት የተከራየበትን ሰፈር፣ ከዚያም በፊት ከአጎቱ ልጆች ጋር የኖረበትን ምድር ቤት በሌሊት ወሬያችን ነግሮኝ ስለነበር ስልክ ተደውሎልኝ ተናገርሁ። ከፋብሪካ ወዳጅነት እንዲህ ያለ ነገር ይፈለጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የሞንግ ወዳጅ ያለው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ፣ ትንሽ ቢመስለውም፣ ለቤተሰቡ ይንገር።

ሰኞ ተቀበረ። ከቀብሩ በኋላ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነፍሱን ወደ ቤት ጠርተው የሚያበሉበት ሥርዓት አለ፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ወደ ዓመቱ ገደማ ነፍሱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያሰናብቱበት ሌላ ሥርዓት ይደረጋል። አርባና ሰማንያ ለምናወጣ ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ሆኖም በእነዚህ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ፣ ዘመዱ ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስና ቤቱ ሲበርድ፣ የውጭ ሰው በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። ጎሳው ቀብሩን ከማንም በተሻለ ያውቅበታል፤ የእንግሊዝኛ ፖስታዎችን ክምር ግን የሚያግዝ ሰው ያስፈልገዋል።

የወረቀቱን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ለእኛም ቤት ይሆናልና። የሞት ምስክር ወረቀት በማኅተም የተረጋገጡ በርከት ያሉ ቅጂዎች መውሰድ ይገባል፤ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ የጡረታ ቁጠባውም እያንዳንዳቸው ይጠይቃሉ። ከአሠሪው ዘንድ የመጨረሻውን ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዕረፍት ክፍያ፣ በሥራ በኩል የተገባ የሕይወት ኢንሹራንስና 401ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ካለ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በእኛ ፋብሪካ ብዙ ሠራተኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የተሰጠው የሕይወት ኢንሹራንስ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንሱን በሟች በኩል ያገኝ ከነበረ፣ ኮብራ በሚባለው መንገድ እየከፈሉ መቀጠል ወይም ኤምኤንሹር በሚባለው የሚኒሶታ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ አዲስ መመዝገብ ይቻላል፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ በተለምዶ 60 ቀን ስለሆነ በሐዘን መካከል ሳይታወቅ ያልፋል።

ሶሻል ሴኩሪቲ በቂ ዓመት የሠራ ሰው ሲሞት ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጆቹ፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላሉ ደግሞ እስከ 19 ዓመት፣ ወርኃዊ ክፍያ ይሰጣል፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጁን የምታሳድግ ባለቤቱም ዕድሜዋ ምንም ቢሆን ማመልከት ትችላለች። በአንድ ጊዜ የሚከፈለው 255 ዶላር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ለ255 ዶላር ብዬ» እያለ ሳያመለክት ይቀራል፣ በዚህም ለልጆቹ በየወሩ ሊገባ የሚችለውን ያጣል። ማመልከቻው ሲዘገይ ያለፉት ወራት ክፍያ ሊቀር ይችላልና ቶሎ መሄድ ይበጃል። መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ ነው።

በሞንግ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ብዙ ባልና ሚስት በሽማግሌዎች ፊት፣ በጎሳዎቹ ስምምነት በክብር ተጋብተው ለአሥርተ ዓመታት ቢኖሩም የመንግሥት የጋብቻ ወረቀት ላያወጡ ይችላሉ፤ ሚኒሶታ ደግሞ አብሮ በመኖር ብቻ የሚጸና ጋብቻን እ.ኤ.አ. ከ1941 ወዲህ አትቀበልም። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ሚስትየዋ በመስኮት ያለው ሠራተኛ «አይሆንም» ስላላት ብቻ ተስፋ መቁረጥ የለባትም፤ በቅን ልቦና ሕጋዊ ሚስት ነኝ ብላ የኖረችን ሰው የሚጠብቅ ድንጋጌ በሚኒሶታ ሕግ ስላለ ነፃ የሕግ አገልግሎት ዘንድ መሄድ ይገባል። የልጆቹ መብት በወላጆቹ የጋብቻ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ወዳጄና ባለቤቱ ቤት ሲገዙ ወረቀቱን አውጥተው ነበር፤ ከዘር ከረጢቶች ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ አገኘነው።

አሁን ስለ መታሰቢያው። የሞተ ሰው በሥራ ቦታው የነበረውን ማንነት ልጆቹ አያውቁትም፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አባት ደግሞ ቤቱ ሲገባ ይተኛል፣ ልጆቹ ሲመጡ ይወጣል። የወዳጄ ልጆች የእንግሊዝኛ ልጆች ናቸው፤ የታናሺቱ ሞንግኛ ከወጥ ቤት አያልፍም። ሜኮንግን እንዴት እንደተሻገረ ለእነርሱ ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ለእኛ ግን አንድ ሌሊት ማሽን ተበላሽቶ ሥራ ሲቆም ተናግሯል፦ በብብቱ ሥር የታሰረውን የቀርከሃ እስር፣ ከፊት የሚቀዝፈውን የወንድሙን የሸሚዝ ጫፍ በጥርሱ መያዙን፣ ሕፃናት እንዳያለቅሱ እናቶች ምን ያህል ይፈሩ እንደነበር። ይህን ለልጆቹ ለመስጠት አሰብን፤ ግን ሰው ለልጆቹ ያልነገረው ነገር ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ባለቤቱን ጠየቅናት። ጥቂት አሰበችና «ጻፉት፤ እኔም ብነግራቸው አያምኑኝም» አለች። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ከበርማ የመጣው የካረን ሰው፣ ሜክሲኳዊቷ፣ እያንዳንዳችን የምናስታውሰውን በምንችለው እንግሊዝኛ ጻፍን። ታናሺቱ ልጅ አስተካክላ በአንድ ደብተር ገለበጠችው። «ደግ ሰው ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉ እንዲወጣና በምትኩ ያደረገው ነገር እንዲጻፍ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ትክክል ነበረች። ስለዚህ ደብተሩ ውስጥ የወረንጦው ሞረድ አለ፤ ተቆጣጣሪ የወቀሳትን አዲስ ሠራተኛ ትሪ ሳይናገር የራሱ አድርጎ የቆጠረበት ቀን አለ፤ የዳጣው አሠራርም እኔ እስከማስታውሰው ድረስ አለ፣ ባለቤቱ በእርሳስ አርማዋለች።

ባልና ሚስቱ ከከተማው በስተ ደቡብ በተከራዩት መሬት አትክልት እየዘሩ ቅዳሜና እሑድ ይሸጡ ነበር። መጋቢት ላይ የኪራዩ ጊዜ ሲደርስ ባለቤቱ ልትተወው አስባ ነበር፤ ልጆቹም ተይው አሏት። እኛ ምንም አላልንም፤ በቤተሰብ ውሳኔ መካከል መግባት አይገባም። ከሳምንታት በኋላ ግማሹን ብቻ እዘራለሁ ብላ ወሰነች፤ በዚህን ጊዜ የምንችለውን አቀረብን። ከፈረቃ ወጥተን ቀጥታ የምንሄድ ስለነበርን ሰባት ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥለናል፤ አረም ከቃሪያ ችግኝ መለየት ለማይችል ሰውም ሳጥን መሸከም ሥራ ነው። ቀኑን ለሠራንበት ልክፈላችሁ ስትል ሁላችንም እምቢ አልን፤ የቃሪያውን ከረጢት ግን በመኪናችን በር ሳናይ ስለምታስገባው እምቢ ለማለት አልተመቸንም።